ባዶ ፖርቶ መጋላ ነዳጅ ይበላል?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ ጋሼ። በአሮጌ ኮሮላ ከድሬዳዋ ሐረር እመላለሳለሁ። አንዳንዴም ወደ ጅቡቲ ድንበር፣ ወደ ደወሌ እወርዳለሁ። ነዳጅ የሚጨርስብኝ ጣሪያው ላይ ያለው ባዶው የዕቃ መጫኛ፣ ፖርቶ መጋላው ነው ወይስ ከኋላ የምጭነው ዕቃ? (አንባቢ፣ ከከዚራ)

መልስ፦ ወንድሜ፣ ሁለቱም ይጎዱሃል። እንደ መንገዱ ነው። ሐረር ከድሬዳዋ 700 ሜትር ያህል ከፍ ትላለች። የደንገጎን ዳገት በከባድ ማርሽ ስትወጣ ቀስ ስለምትል ነፋሱ እምብዛም አያስቸግርህም፤ ዋናው ክብደት ነው። 100 ኪሎ ትርፍ ዕቃ ያን ከፍታ ለመውጣት ብቻ አንድ አስረኛ ሊትር ገደማ ቤንዚን ይጠይቃል። ስትመለስ አገኘዋለሁ እንዳትል። ቁልቁለቱ ላይ ፍሬን ስትይዝ አብዛኛው ጉልበት ሙቀት ሆኖ ይበተናል።

የደወሌ መንገድ ግን ለጥ ያለ ነው፤ ትለቀዋለህ። እዚያ ጠላትህ አየር ነው። ፍጥነትህ ከ50 ወደ 100 ሲደርስ አየሩ መኪናውን የሚገታበት ኃይል እጥፍ አይደለም፣ አራት እጥፍ ይሆናል። ፖርቶ መጋላው ባዶም ቢሆን አየሩን እየበጠበጠ ይጨምርበታል። ተሰልፈህ የቀዳኸውን ነዳጅ ለነፋስ ስትከፍል በጣም ነው የማዝነው! ብሎኑን ፈትተህ አውርደው፤ ዕቃ ሲኖርህ መልሰህ ታስረዋለህ። ከ100 ወደ 80 ብቻ ብትወርድ እንኳ የአየሩ ጫና ከሲሶ በላይ ይቀንሳል። የጎማህንም ንፋስ ጠዋት፣ ሳይግል አስለካ።