በሩብ ሰዓት ውስጥ 2 ሰከንድ ወደኋላ የሚቀር የጂፒኤስ ሰዓት

ወንድሜ፣ በጂፒኤስ የሚሠራው የግድግዳ ሰዓትህ መብራት ጠፍቶ ሲመጣ ልክ ሆኖ ይነሳል፤ ሩብ ሰዓት ሳይሞላ ግን ድንገት 2 ሰከንድ ወደኋላ ይቀራል። አንቴናው ነው ብለህ ልትቀይረው ነው፤ ተወው፣ አንቴናው ጤነኛ ነው። እኔ የምጠረጥረው የሞጁሉን (ሰዓቱ ውስጥ ሆኖ የሳተላይቱን ሲግናል የሚቀበለውን ክፍል) መጠባበቂያ ባትሪና ከዚህ በፊት «አስተካክዬዋለሁ» ብሎህ የሄደውን ሰው ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። የጂፒኤስ ሰዓት እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 6 ቀን 1980 ከዓለም አቀፉ ሰዓት ጋር እኩል ተነሳ፤ ከዚያ ወዲህ አንድ ሰከንድ እንኳ አልተጨመረበትም። እኛ የምንጠቀምበት ሰዓት ግን ከምድር ዙረት እንዳይርቅ አልፎ አልፎ ሊፕ ሰከንድ የሚባል አንድ ተጨማሪ ሰከንድ ይገባበታል። የመጨረሻው የገባው እ.ኤ.አ. በ2016 ማብቂያ ነው፤ ከዚያ ጀምሮ ጂፒኤስ በ18 ሰከንድ ይቀድማል። ሳተላይቶቹስ ለምን አብረው አይጨምሩም? ርቀት የሚለካው በሲግናሉ የጉዞ ጊዜ ነው፤ ሲግናል በ1 ሰከንድ 300,000 ኪሎ ሜትር ገደማ ይሄዳል። እንዲህ ባለ ሥራ መሀል ሰዓት አይነካም። የሩስያው የሳተላይት ሥርዓት ግሎናስ ግን ይጨምራል፣ በየጊዜውም ጣጣ ያመጣል። ጂፒኤስ ሰዓቱን ሳይነካ «18 ቀንስ» የሚለውን ለብቻው ይልካል፤ ይህ መልእክት የሚመጣው በ12 ደቂቃ ተኩል አንዴ ነው።

ባትሪው ከሞተ ሞጁሉ ያንን ቁጥር ይረሳና ፋብሪካ የተጻፈለትን ይይዛል። ያንተው 16 ይመስለኛል፤ እ.ኤ.አ. ከ2012 አጋማሽ እስከ 2015 አጋማሽ የነበረው ነው። ስለዚህ 2 ሰከንድ ይቀድማል። ያ ሰው ምክንያቱን ሳይፈልግ ፕሮግራሙ ውስጥ «2 ቀንስ» ብሎ ጻፈበት! «18 ቀንስ» የሚለው መልእክት ሲደርስ የእሱ ቅናሽ ትርፍ ይሆንና ሰዓቱ 2 ሰከንድ ወደኋላ ይቀራል።

ኃይሉን ንቀልና ባትሪውን በቴስተር ለካ። ርካሽ ሞጁሎች ላይ የሚለጥፏት ሚጢጢ ባትሪ ቶሎ ትሞታለች፤ ቮልቷ ከወረደ ቀይራት። ጥንቃቄ፦ ቻርጅ የምትደረግ ከሆነች በዚያው ዓይነት ብቻ ተካ። ቻርጅ የማይደረግ ሊቲየም ብታስገባ ሊፈነዳ ይችላል። በባትሪው ገላ ላይም በቀጥታ አትበይድ፤ እግር ያለው ግዛ።

ከዚያ «2 ቀንስ» የሚለውን መስመር አጥፋ። አንቴናው ሰማይ እያየ 20 ደቂቃ ተወው፤ ኃይሉን ነቅለህ መልሰህ ሰካና ከስልክህ ሰዓት ጋር አስተያየው። ከመነሻው ጀምሮ ልክ ከሆነ ቁጥሩን ይዞታል። አሁንም 2 ከቀደመ ባትሪው ሞጁሉ ጋ አይደርስም፤ የብየዳውን ነጥብ እይ። ደግሜ እላለሁ፣ የባትሪውን ዓይነት ሳታረጋግጥ አትግጠም።