«ፈተና አለበት» ማለት ሰለቸኝ

ሰላም ለአምዱ አዘጋጅ፣

አሁንስ ትዕግስቴ አለቀ። የ24 ዓመት ልጄ ቤተ ክርስቲያን መሄድ ካቆመ ዓመት አለፈው። እሁድ ጠዋት እኔ ለባብሼ ስወጣ እሱ በሩን ዘግቶ፣ ኢርፎኑን ሰክቶ ተኝቷል። ድሮ እኮ ከኔ ቀድሞ የሚነሳው እሱ ነበር፤ ሲዘምር ድምፁ ከሩቅ ይለያል። አሁን አንድ ቀን «የማላምነው ሰዎቹን ነው» ይላል፣ ሌላ ቀን ደግሞ «እሱንም እንጃ»። ስልኩ ነው ያበላሸው፤ ሰባኪና ከሃዲ ሲከራከሩ ሲሰማ ያድራል። ጓደኞቹም እንደዚያው ናቸው። ሰው «ልጅሽ የት ጠፋ?» ሲለኝ «ፈተና አለበት» እላለሁ። ከተመረቀ ሁለት ዓመቱ ነው!

አባቱ ታሞ በተኛ ጊዜ «ይሄን ያህል ስንጸልይ ለምን አይሰማንም?» ብሎኝ ነበር። «እግዜርን አትፈታተን፣ ዝም በል» አልኩት፣ ዝም አለ። እሱ እንኳን ያለፈ ነገር ነው። አባቱን ከቀበርን ወዲህ ግን ባሰበት። ታናናሾቹም እያዩት ነው። ወንድሜ «ወይ ይመለስ ወይ ከቤት ይውጣ በይው» አለኝ። ልበለው?

መልስ፦

እናቴ፣ እንዳይሉት!

ስልኩን ለጊዜው ይተዉት። ልጅዎ አባቱ አልጋ አጠገብ ሆኖ ጠየቀዎት፣ ዝም በል አሉት፣ ይኸው እስከ ዛሬ ዝም አለ። ታዲያ አሁን ለምን አይዘምርም ብለው ይቆጡታል? «አምላኬ፣ አምላኬ፣ ለምን ተውኸኝ» የሚለው እኮ መዝሙረ ዳዊት ውስጥ ያለ ነው፤ ክርስቶስም በመስቀል ላይ ብሎታል። ይቅርታ፣ ጨከንኩ መሰለኝ። እርስዎም ባልዎን እያጡ ነበር፣ መልስ ከየት ያምጡ።

ማባረሩን የታላቁ የቤተ ክርስቲያን መምህር የቅዱስ አውግስጢኖስ እናት ሞኒካ ሞክራዋለች። ልጇ በሃያ ዓመቱ ገደማ ቤተ ክርስቲያን ኑፋቄ ያለችውን የማኒን ትምህርት ይዞ ሲመጣ ከቤቷም ከማዕዷም ከለከለችው። በኋላ ግን ሕልም አይታ መልሳ አስገባችው። «ተከራክረህ መልስልኝ» ያለችው ጳጳስም እምቢ አላት፤ ተዪው፣ ጸልዪለት ብቻ አላት። አውግስጢኖስ እ.ኤ.አ. በ387 ሲጠመቅ 32 ዓመቱ ነበር። የእርስዎም ይመለሳል ብዬ ቃል አልገባም። ታናናሾቹ ግን የጠየቀ ሲባረር ካዩ፣ እሁድ እሁድ አብረውዎት እየሄዱም ቢሆን በሆዳቸው ይዘው ይቀራሉ።

እሁድ ሲመለሱ በሩን ያንኳኩና «ያኔ የጠየቅኸኝን እኔም አላውቀውም ነበር» ይበሉት። ከዚያ እርስዎ በተራዎ ዝም ይበሉ፣ እሱ ያውራ። የት ጠፋ ለሚሉዎት ደግሞ «ቤት ነው» ይበሏቸው። ውሸት አይደለም።