አዲስ መካኒክ ገብቶባችኋል? ጠይቁ

ሰላም ጎበዞች። ዛሬ ትንሽ ጊዜ አለኝ። ዶዘር፣ ኤክስካቫተር፣ ሎደር፣ ግሬደር ላይ የምትሠሩና አዲስ መካኒክ የተቀጠረላችሁ ጠይቁኝ። የደመወዝ ጥያቄ ግን አልመልስም።

ከቡሬ፦ ጋሼ፣ የኤክስካቫተር ኦፕሬተር ነኝ። አዲሱ ልጅ ከቴክኒክና ሙያ ገና መውጣቱ ነው። ሥራ እንደሚችል በምን ልወቅ?

መልስ፦ መፍቻ ሲይዝ አትየው፣ ከመያዙ በፊት የሚያደርገውን እየው። ባኬቱን መሬት ላይ ያስቀምጣል? ሞተሩን ያስጠፋል? ከዚያ ሌቨሮቹን ወዲያ ወዲህ አድርጎ የታመቀውን ግፊት ያስወጣል? የማስነሻ ቁልፉን ተቀብሎ ኪሱ ይከታል? ይህን ካደረገ ሌላውን ይማራል። ይህን ካላደረገ የ20 ዓመት ልምድ አለኝ ቢልህም ከአጠገቡ አትቁም። አንተም ቁልፉን አምጣ ሲልህ አታኩርፍ። ማሽኔን ነጠቀኝ የሚል ኦፕሬተር ብዙ አይቻለሁ። ልጁ ቡሙ (የማሽኑ ትልቁ ክንድ) ሥር ገብቶ እያለ ሌላ ሰው መጥቶ ቢያስነሳውስ? ቁልፉ በሚጠግነው ሰው ኪስ ይሁን። ይህን ዛሬ ደጋግሜ እለዋለሁ።

ከዳንግላ፦ የኛ ደግሞ የሃይድሮሊክ ቱቦው ዘይት ያተናል። ልጁ ቀዳዳውን በእጁ እየዳበሰ ይፈልጋል። ልከልክለው ወይስ ያውቃል ብዬ ልተወው?

መልስ፦ ምን ትጠይቀኛለህ፣ ሮጠህ ከልክለው እንጂ! ስሙኝ፣ ሁላችሁም። የገልባጭ መኪና ጎማ 8 ባር (ባር የግፊት መለኪያ ነው) አካባቢ ነው የሚነፋው። የኤክስካቫተር ሃይድሮሊክ ግን ሲሠራ 350 ባር አካባቢ ይደርሳል። በመርፌ ቀዳዳ በምታክል ክፍተት የወጣ ዘይት ቆዳ በስቶ ሥጋ ውስጥ ይገባል። ተንኮሉ ደግሞ መጀመሪያ ላይ ብዙም አለማመሙ ነው። ትንሽ ነጥብ ብቻ ታያለህ፣ ጠርገኸው ሥራህን ትቀጥላለህ። ውስጥ ለውስጥ ግን ዘይቱ ሥጋውን እየገደለው ነው፣ ሰዓታት ካለፉ ጣት ወይም እጅ እስከመቆረጥ ይደርሳል። እንዲህ የገጠመው ሰው ሳይውል ሳያድር ቀዶ ሕክምና ወዳለበት ሆስፒታል ይሂድ። ለሐኪሙም «ወጋኝ» ሳይሆን «ግፊት ያለው ዘይት ገባብኝ» ይበል፣ አለበለዚያ ፕላስተር ለጥፈው ይመልሱታል። ቀዳዳ የሚፈለገው በካርቶን ነው፣ ራቅ ብሎ፣ መነጽር አድርጎ።

ከዳንግላ፦ ጓንት ቢያደርግስ?

መልስ፦ ጓንቱንም ይበሳዋል። ካርቶን አልኩ።

ከመራዊ፦ ማሽናችን ኃይል የለውም። ምን ይሻላል?

መልስ፦ የትኛው ማሽን? ሲቀዘቅዝ ነው ሲሞቅ? ጭሱ ምን ዓይነት ነው? መካኒኩንም እንዲህ ከሆነ የምትነግሩት ዕቃ ገምቶ ቢቀይርባችሁ አይፈረድበትም።

ከፍኖተ ሰላም፦ የዘንድሮ መካኒክ ላፕቶፕ ካልሰካ አንዲት ብሎን አይፈታም። ድሮ ሞተሩን በጆሮው ሰምቶ ነበር የሚነግርህ።

ከደብረ ማርቆስ፦ አያ፣ የድሮው ማሽን ሽቦ አልነበረውም እኮ። የአሁኑን በጆሮ ልስማው ብለው ስንቱን ደህና ፖምፓ (የነዳጅ ፓምፕ) አውርደዋል።

ከፍኖተ ሰላም፦ አንተም ያው ላፕቶፕ ተሸካሚ ነህ መሰለኝ።

ከደብረ ማርቆስ፦ ተሸካሚ ብሆን ምን አለበት፣ ማሽኔ ይሠራል። ያንተስ?

መልስ፦ በቃ፣ በቃ። ላፕቶፑ የነዳጅ ግፊት ዝቅ ብሏል ይልሃል፣ ለምን ዝቅ እንዳለ ግን አይነግርህም። ፊልትሮ (የነዳጅ ማጣሪያ) ተዘግቶ ሊሆን ይችላል፣ አየር ገብቶ ሊሆን ይችላል፣ ውሃ ሊሆን ይችላል። እዚህ ላይ ነው አዲስ መካኒክ ስሙ የሚጠፋው። ፊልትሮ ቀየረ፣ በሳምንቱ ተዘጋ፣ ከዚያ «አይችልም» ተባለ። እስኪ የነዳጅ በርሜላችሁን እዩት! ሌሊት ጎዶሎ ሲያድር በብርዱ ውስጡ ውሃ ያልባል፣ ውሃውና ቆሻሻው ታች ይዘቅጣል፣ እናንተ ደግሞ ቱቦውን እስከ ታች ሰዳችሁ ትስባላችሁ። ነዳጁ ይረፍበት፣ ከታቹ ትንሽ ተዉለት፣ የውሃ ማጣሪያውንም ጠዋት ጠዋት አፍስሱ። ሌላም አለ። አዲሱ ፊልትሮ ከመታሰሩ በፊት ከበርሜል በጆግ ነዳጅ አይሞላበት። ያልተጣራ ነዳጅ በቀጥታ ወደ ፖምፓና ኢንጀክተር (ነዳጁን ሞተር ውስጥ የሚረጨው) መላክ ነው። በእጅ ፓምፑ ይሙላ። ይህን ካደረጋችሁ በኋላ መካኒኩን ውቀሱት።

ከሞጣ፦ የኛ አዲሷ መካኒክ ሴት ናት። ልጆቹ ያሾፉባታል።

መልስ፦ ጥያቄው የታለ? ቁልፉን ስጧትና ዞር በሉ።

ከደጀን፦ ወደ አባይ በረሃ ወርደን መንገድ ስንጠግን ሎደሩ ይሞቃል። ልጁ ወዲያው የራዲያተሩን ክዳን ሊከፍት ይሮጣል።

መልስ፦ ያዙት። ውሃ በረሃው ውስጥ እንኳ ክዳን ከሌለው 100 ዲግሪ ሳይደርስ ይፈላል። ክዳኑ ግፊት ይዞ ነው ከዚያ በላይ ሲሞቅም እንዳይፈላ የሚያደርገው። ሞቆ ሳለ ስትከፍተው ግፊቱ ይለቀቃል፣ ያ ሁሉ በአንድ ጊዜ ፈልቶ ፊት ላይ ይመጣል። ክዳኑ በእጅ እስኪነካ ድረስ ይጠብቅ። ደግሞ ከወንዝ የተቀዳ ውሃ አትጨምሩ። ራዲያተሩ ክንፎች መሃል ጭድና አቧራ ካለም አስጠርጉት፣ በረሃው ላይ ያን ጊዜ ነው ጉዱ የሚወጣው።

ከእንጅባራ፦ ጠዋት በብርዱ አልነሳ ሲል ልጁ አየር መሳቢያው ላይ ኤተር (ቶሎ የሚቀጣጠል የሞተር ማስነሻ) ይነፋል። ችግር አለው?

መልስ፦ ማሽኑ የአየር ወይም የሲሊንደር ማሞቂያ ካለው በፍጹም አይንፋበት። ይፈነዳል። መጀመሪያ ባትሪውን ይለካ።

ከአዴት፦ ጋሼ፣ የኛም ማሽን ኃይል የለውም።

መልስ፦ ኧረ እናንተ ሰዎች! ለመራዊ የመለስኩትን አንብብ።

ከአዴት፦ እሺ ጋሼ፣ ይቅርታ። ግሬደር ነው። ዳገት ላይ ይደክማል፣ ጥቁር ጭስ ያጨሳል። አቧራ ላይ ነው የምንውለው።

መልስ፦ ታዲያ እንዲህ አትልም? ጥቁር ጭስ ብዙ ጊዜ አየር አነሰው ማለት ነው። የአየር ማጣሪያውን አስፈትሽ። ጎማ ላይ እየመታችሁ የምታራግፉት ከሆነ አዲስ ግዙ፣ ወረቀቱ ተቀዶ አቧራው ሞተር እየበላ ነው። ከዚያ ከቱርቦ (አየር ጨምቆ ከሚልከው) ወደ ሞተር የሚሄደው ቱቦ መሰንጠቁን መካኒኩ ይይ። ሲያይ ግን ሞተሩ ጠፍቶ፣ ቢላው መሬት ላይ ሆኖ፣ ቁልፉ የት እንደሚሆን ታውቃለህ።