ለእያንዳንዱ ሥራ አዲስ ኪው አትክፈት

ወንድሜ፣ «በጃንጎ (የፓይተን ዌብ ማዕቀፍ) የሠራሁት ሲስተም የወር ሪፖርት ማውጣት ሲጀምር የማረጋገጫ ኮድ የሚልከው ኤስኤምኤስ ይዘገያል፤ ለየሥራው የራሱን ኪው (ከጀርባ የሚሠሩ ሥራዎች የሚሰለፉበት ወረፋ) ልክፈት ወይ?» ብለሃል። አትክፈት። እኔ ከፍቼ አይቼዋለሁ።

ባሕር ዳር ላይ የጀልባ ጉዞ ማስያዣ ስሠራ 11 ኪው ነበረኝ። ኢሜይል፣ ደረሰኝ፣ ፎቶ... ስማቸው ሲያምር! ከወረፋው እያነሣ የሚሠራው ፕሮግራም፣ ወርከሩ፣ ግን አንድ ነበር። ፎቶ ማሳነሱ ሲረዝም ሁሉም ቀጥ አለ። አሁን 3 ብቻ አሉኝ፦ «አሁኑኑ»፣ «ትንሽ ቆይቶ»፣ «ሌሊት»። የለየኋቸው ሰው ለምን ያህል ጊዜ ሊታገሣቸው ይችላል ብዬ ነው። የአንተ ኮድ አሁኑኑ፣ ሪፖርቱ ሌሊት ይገባል። ለእያንዳንዳቸው የራሳቸው ወርከር ከሌላቸው ግን ስም ማውጣት ብቻ ነው።

ኪውና ወርከር ለማስተዳደር የምትጠቀመው ሰለሪ የሚባለውን የፓይተን መሣሪያ ከሆነ ሌላም ነገር አለ። ወርከሩ ካልነገርከው በስተቀር በውስጡ ለሚሠራ ለእያንዳንዱ ፕሮሰስ 4 ታስክ (ሥራ) ቀድሞ ያፍሳል። ከባዱን ሲሠራ ሌሎቹ እጁ ላይ ይቆያሉ፤ ጎረቤቱ ሥራ ፈትቶ ቢቀመጥም አያገኛቸውም። ለሌሊቱ ወርከር ይህን ቁጥር፣ ፕሪፌች መልቲፕላየር የሚባለውን፣ 1 አድርገው።

አሁን የራሴን ጉድ ልንገርህ። ወደ ዘጌ ገዳማት የሚሄድ እንግዳ ጠዋት 1 ሰዓት ላይ «ጀልባዎ 2 ሰዓት ይነሣል» የሚል መልእክት እንዲደርሰው ፈለግሁ። ቦታ ሲይዝ ወዲያው ታስኩን በኢቲኤ (ታስኩ የሚሠራበትን ሰዓት በሚወስነው) ለነገ ቀጥሬ ኪው ውስጥ ጣልኩት። ብሮከሬ፣ ማለትም ኪውዎቹን የሚይዝልኝ፣ ሬዲስ የተባለው ዳታቤዝ ነው። ለካ ሰለሪ ከሬዲስ ጋር ሲሠራ፣ ወርከር ወስዶት በ60 ደቂቃ ውስጥ «ተቀብያለሁ» ያላለውን ታስክ እንደጠፋ ቆጥሮ መልሶ ያድለዋል። የኔ ታስክ ወርከሩ እጅ ላይ ሆኖ ሌሊቱን ሙሉ ነው ሰዓቱን የሚጠብቀው! በማግስቱ ወደቡ ላይ አንድ እንግዳ ስልኩን አሳየኝ። ያው መልእክት 9 ጊዜ። «ጀልባዎቹ ስንት ናቸው?» አለኝ።

የ60 ደቂቃውን ገደብ ማርዘም ይቻላል፤ ግን ያኔ ወርከር በእውነት ሲሞት ሥራው ያን ያህል ሰዓት ተንጠልጥሎ ይቀራል። እኔ የነገን ሥራ ኪው ውስጥ ማስቀመጥ ትቻለሁ። ሰዓቱን ዳታቤዝ ላይ እጽፋለሁ፤ ሰለሪ ቢት (የሰለሪ ሰዓት ቆጣሪ) በየ5 ደቂቃው ሰዓታቸው የደረሰውን ይለቅማል። ታስኩም ከመላኩ በፊት «ይኼ ተልኳል ወይ?» ብሎ ያያል።

ለታስኩ የምትሰጠውም የቦታ ማስያዣውን መለያ ቁጥር ብቻ ይሁን፤ ሌላውን ሲሠራ ከዳታቤዝ ያንብብ። እኔ ሙሉ መረጃውን እሰጥ ነበር። ጣና ላይ ነፋስ ተነሥቶ ጉዞው ተሰርዟል፣ ታስኩ ግን የትናንቱን መረጃ ይዞ «ጀልባዎ ሊነሣ ነው» ይላል።