ኤሪክ ሃርትማን 352 አውሮፕላን እንዴት ሊጥል ቻለ?

«አንድ ሰው 352 አውሮፕላን ጣለ ማለት ለማመን ይከብዳል፣ የናዚ ፕሮፓጋንዳ አይደለም ወይ?» ብለህ ለጠየቅከው፦

ጥርጣሬህ ይገባኛል ወንድሜ። ሃርትማን በሁለተኛው የዓለም ጦርነት በአብዛኛው ከሶቭየቶች ጋር የተዋጋ የጀርመን ተዋጊ አውሮፕላን አብራሪ ነው። ቁጥሩን የሚሞግቱ ሩሲያዊ ጸሐፊዎችም አሉ። ግን መጀመሪያ የበረራውን ብዛት እይ። ሃርትማን እ.ኤ.አ. ከ1942 መጨረሻ እስከ 1945 ድረስ ከ1,400 ጊዜ በላይ ለግዳጅ ተነስቷል። የአሜሪካ አብራሪ የተመደበለትን ግዳጅ ሲጨርስ ወደ አገሩ ይመለስ ነበር። ጀርመኑ ግን እስኪሞት ወይ እስኪማረክ ይበራል።

ሌላው ዘዴው ነው። አየር ላይ እየተሽከረከሩ መፋለም አይወድም። ያያል፣ ይወስናል፣ ይመታል፣ ይሸሻል። የጠላት አውሮፕላን የፊት መስታወቱን ሞልቶ እስኪታየው ድረስ አይተኩስም። ከዚያ ቅርበት መሳት ይከብዳል። ችግሩ፣ የሚፈነዳው አውሮፕላን ስብርባሪ የራሱን ተዋጊ አውሮፕላን፣ ሜሰርሽሚቱን፣ ይመታበታል። ደጋግሞ ሜዳ ላይ በግድ ያረፈው በአብዛኛው በዚህ ምክንያት ነው።

ኦገስት 1943 ላይ እንዲሁ ወርዶ በሶቭየት ወታደሮች እጅ ገባ። ክፉኛ የተጎዳ መሰለ። በቃሬዛ መኪና ላይ ጫኑት። አጋጣሚ ሲያገኝ ጠባቂውን መትቶ ዘለለና ሱፍ ማሳ ውስጥ ገባ። ከሱፉ አበባ መሃል ማን ያግኘው!

ችሎታው የሚካድ አይደለም። የተዋጋው ግን ለሂትለር መንግሥት ነው፣ ይህን ሳያነሱ ስለ እሱ ማውራት ልክ አይመስለኝም።

የመጨረሻውን አውሮፕላን ሜይ 8 ቀን 1945 ዛሬ ቼክ ሪፐብሊክ ውስጥ ባለችው ብርኖ ከተማ ላይ ጣለ። ያኔውኑ እጁን ለአሜሪካኖች ሰጠ፣ እነሱ ደግሞ ለሶቭየቶች አሳልፈው ሰጡት። ቤቱ የገባው ከአሥር ዓመት እስር በኋላ፣ በ1955 ነው።