የአባቴን ቮልስ ግቢዬ ውስጥ ራሴ ልቀባት?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ ጋሼ። የምኖረው ቢሾፍቱ ነው። አባቴ ሲያርፍ ቮልሱ ለእኔ ደረሰችኝ። ሊብሬዋ እ.ኤ.አ. የ1966 ሞዴል፣ 1300 ሞተር ይላል። ስድስት ዓመት ሸራ ለብሳ ግቢ ውስጥ ቆማለች። አሁን ነጭ ናት፤ የበሩ ጠርዝ በተላጠበት ግን ከነጩ ሥር ቀይ፣ ከቀዩ ሥር ሰማያዊ ይታያል። ጋራዦች የጠየቁኝ ዋጋ ከአቅሜ በላይ ነው። ጎረቤቴ ጎሚስታ 50 ሊትር ኮምፕሬሰሩን ሊያውሰኝ ፈቅዷል። ሁለት ትንንሽ ልጆች ስላሉን ባለቤቴ ፈርታለች። ራሴ መቀባት እችላለሁ? ከምን ልጀምር? ፖሊዩሬቴን ቀለም ይሻላል ወይስ ናይትሮ ቀለም?

መልስ፦ ልጄ፣ የአባትህን ነፍስ ይማር። ትችላለህ። ቮልስ ለዚህ ሥራ የምትመች መኪና ናት። ጎማዎቹን የሚሸፍኑት አራቱም ፓራፋንጎዎች በብሎን የታሰሩ ስለሆኑ በ13 ቁጥር ቁልፍ ይወርዳሉ፤ በሮቹም፣ የፊትና የኋላ ኮፈኖቹም ይፈታሉ። የጎረቤትህ ኮምፕሬሰር ሙሉ መኪና በአንድ ጊዜ ባያዳርስም፣ አንድ አንዱን እያወረድክ ከቀባህ ይበቃሃል።

የመጨረሻውን ጥያቄህን ግን አስቀድማለሁ፤ ባለቤትህ የፈራችው እሱን ነውና። ፖሊዩሬቴን ግቢህ ውስጥ አትርጭ። ከቀለሙ ጋር የሚቀላቀለው ማድረቂያ አይሶሳያኔት የሚባል ኬሚካል አለበት። ሲረጭ እንደ ጉም ይሆናል፤ ሳንባ ከገባ አስም ያመጣል፤ ሰውነት አንዴ ከተቆጣበት በኋላ ጥቂቱም ትንፋሽ ይቆርጣል። የአቧራ መከላከያ የወረቀት ጭምብል አያግደውም። ከሰል ያለው ጭምብልም ቢሆን አቅሙ ሲያልቅ በማሽተት አታውቀውም፤ አፍንጫ ሳይለየው ገና ሊጎዳ ይችላልና። ለእሱ የሚሆነው ንጹሕ አየር በቱቦ የሚመጣለት ጭምብልና የተዘጋ የቀለም ክፍል ነው። ልጆችህ ደግሞ በጭራሽ ጭምብል አያደርጉም፤ ግቢው የእነሱም ነው።

እኔ ስጀምር ይህን የነገረኝ ሰው አልነበረም። መጀመሪያ በተቀጠርኩበት ጋራዥ ጭምብላችን የነጠላ ቅዳጅ ነበር። ማታ ማታ አሠሪያችን ግማሽ ግማሽ ሊትር ወተት ይሰጠናል፤ «መርዙን ያጥባል» ይባል ነበር። ዛሬም ብዙ ቀለም ቀቢ እንደዚያ ያምናል። ወተቱ የሚወርደው ሆድ ውስጥ ነው፤ ቀለሙ የገባው ሳንባ ውስጥ። አብሮኝ ሥራ የለመደ ጓደኛዬ በ34 ዓመቱ ደረጃ መውጣት አቃተው። የሚረጭበት ግቢ በር ላይ ሲያልፍ እንኳ ደረቱ ይዘጋ ስለነበር ሥራውን ተወው። እኔንም ክረምት በገባ ቁጥር ሌሊት ሌሊት ያስለኛል።

ስለዚህ በናይትሮ ቀባት። ማድረቂያ አይቀላቀልበትም፤ ቲነሩ ሲተን ይደርቃል። ከተበላሸብህ በሳምንቱ አሽተህ ትደግመዋለህ። ፀሐይ ቶሎ ያደበዝዘዋል፣ በዓመት አንዴ ፖሊሽ ይፈልጋል፣ ቤንዚን ከነካውም ምልክት ይተዋል። የአንተ ሞዴል ቤንዚን የሚሞላው የፊት ኮፈኑ ተከፍቶ ስለሆነ፣ የፈሰሰውን ቶሎ መጥረግ ልመድ። የናይትሮ ሽታም ቢሆን ለሳንባ አይበጅም፤ ለእሱ ከሰል ያለው ጭምብል ግድ ነው። ትልቁ አደጋው ግን እሳት ነው። የቲነር ትነት ከአየር ስለሚከብድ መሬት ለመሬት ይሄዳል፤ አሥር እርምጃ ርቆ ቡና የሚፈላበት ከሰል ጋ ሊደርስ ይችላል። በምትረጭበት ቀን ግቢው ውስጥ ቡና አይፈላ፣ እንጀራ አይጋገር፣ ዕጣን አይጨስ። ልጆቹ አያታቸው ዘንድ ይዋሉ።

ፖሊዩሬቴን ካልሆነ አይሆንልኝም ካልክ፣ ዝግጅቱን ቤትህ ጨርሰህ የሚረጨውን ብቻ የቀለም ክፍል ላለው ጋራዥ ስጥ። ከዋጋው አብዛኛው የእጅ ሥራው ነው፤ የምታድነውም እሱን ነው።

አሁን ወደ መኪናዋ። መጀመሪያ ባትሪውን ፍታ። ቮልስ ላይ ባትሪው ከኋላ ወንበር ሥር በቀኝ በኩል ነው፤ ያንን ወንበር ስታነሣ የምታየው ነገር የሥራውን መጠን ይነግርሃል። አሲዱ ለዓመታት እየተንጠባጠበ ወለሉን የሚበላው እዚያ ነው። በጠመንጃ መፍቻ እጀታ ቆርቆር አድርገው፤ ጠንካራ ድምፅ ከሰጠ ደህና ነው፤ እንደ ካርቶን ከደነቆረ ተቆርጦ አዲስ ላሜራ መበየድ አለበት። ከበሮቹ ሥር ርዝመቱን የሄደውን፣ የሞተሩን ሙቀት ወደ ፊት የሚያሳልፈውን ሳጥንና ትርፍ ጎማው የሚቀመጥበትንም እንዲሁ ፈትሽ። ይህ የባቲላሜራና የበያጅ ሥራ ነው፤ ገንዘብ ካለህ እዚህ ላይ አውጣው። የቤንዚን ታንከሩ ከፊት ኮፈን ሥር ስለሆነ፣ ብየዳ ከመጀመሩ በፊት ወርዶ ከግቢ ይውጣ። «ባዶ ነው» ብለህ እንዳትተወው፤ በትነት የተሞላ ባዶ ታንከር ቤንዚን ከሞላው ይብሳል።

ቀጥለህ ትንሽ ማግኔት በስስ ጨርቅ ጠቅልለህ አካላቷን በሙሉ ዳስሳት። የማይዝበት ቦታ ሁሉ ከሥሩ ወፍራም ስቱኮ (ጎድጓዳ የሚሞላበት ሊጥ) አለ። በተለይ የፊት ፓራፋንጎዎቹን የመብራቱ ዙሪያ እይ። እዚያ ያለው ስቱኮ መውጣት አለበት፤ ምን እንደሸፈነ አታውቅምና።

ነጩና ቀዩ ምን ዓይነት ቀለም እንደሆኑ ለማወቅ ጥጥ የናይትሮ ቲነር ነክረህ የማይታይ ቦታ ላይ አንድ ደቂቃ ያዘው። ቀለሙ ጥጡ ላይ ከወጣ ናይትሮ ነው። ከተሸበሸበ ሲንቴቲክ የሚባለው ቀለም ነው፤ በዚያ ላይ ናይትሮ ከረጨህ መላው ይነሣብሃል፤ ስለዚህ ተፍቆ ይውጣ። ምንም ካልሆነ ማድረቂያ ያለው ወይም በሙቀት የደረቀ ነው። ሰማያዊው በፋብሪካ በሙቀት የደረቀው የራሷ ቀለም ይመስለኛል፤ ከላሜራው ጋር ተጣብቆ ዝገት የሌለበት ቦታ ላይ እንዳትነቅለው። ከእሱ የተሻለ መሠረት አታገኝም። የዚያ ዘመን ቀለም እርሳስ ሊኖርበት ስለሚችል አሮጌውን ቀለም በውኃ እንጂ በደረቁ አትሸው፤ ቅርፊቱን ሰብስበህ በከረጢት ቋጥረው፤ የሥራ ልብስህን ከልጆቹ ልብስ ጋር አታጥበው።

ውኃው ግን ባዶ ላሜራና ስቱኮ ጋ ሲደርስ ይቁም። ስቱኮ እንደ ስፖንጅ ነው። በውኃ የታሸ ስቱኮ ላይ ቀለም ስትረጭ ውኃው ታስሮ ይቀራል፤ ወራት ቆይቶ ፀሐይ ሲመታው በአረፋ ይወጣል። የተራቆተውን ላሜራ በዚያው ቀን ኤፖክሲ ፕራይመር (ከቀለም በፊት የሚቀባ መሠረት) በሮለር ወይም በብሩሽ ቀባው፤ ስቱኮው ከዚያ በላይ ይሁን። የኤፖክሲም ማድረቂያ ቆዳ ስለሚያስቆጣ ጓንት አድርግ። ለአንድ ሎሚ ያህል ስቱኮ የአንድ ባቄላ ፍሬ ያህል ማድረቂያ ይበቃል። ማድረቂያ ማብዛት ጥንካሬ አይጨምርም፤ ቀለሙ ላይ ነጠብጣብ ያወጣል። ውፍረቱ ከ3 ሚሊሜትር አይለፍ። ከዚያ በላይ የሚፈልግ ከሆነ ላሜራው ገና አልተቃናም ማለት ነው።

በ80 ቁጥር ብርጭቆ ወረቀት ቅርጹን አውጣ፣ በ180 አለስልስ፣ ስቱኮው ላይ ዳግም ከሚቀባው ፕራይመር በኋላ በ320፣ ከቀለሙ በፊት በ600። ወረቀቱን ሁልጊዜ እንጨት ላይ ጠቅልለው፤ በጣት የታሸ ስቱኮ የጣት ጎድጓዳ ይይዛል። የቮልስ ኮፈን ክብ ነው፤ ዓይን እዚያ ላይ ይታለላል። ያስተማሩኝ ሰውዬ ንጹሕ ካልሲ እጃችን ላይ አጥልቀው፣ ዓይናችንን አስጨፍነው፣ መዳፋችንን ከኮፈኑ ጫፍ እስከ ጫፍ ያስኬዱን ነበር። እጅ ባዶውን ሲሆን ይይዛል፣ በካልሲ ግን ይንሸራተታል፤ ዓይን ያላየው ጎድጓዳ ያኔ መዳፍ ውስጥ ይገባል። ካላመንከው ጥቁር ስፕሬይ ከሩቅ ብን አድርገህበት በእንጨቱ እሸው። ጥቁሩ የቀረበት ዝቅ ያለ ነው፤ ቶሎ የለቀቀበት ከፍ ያለ።

ከመርጨትህ በፊት በሁለት ጨርቅ ጥረጋት፦ አንዱ ቅባት ማስለቀቂያ የነካ፣ ሁለተኛው ደረቅ፣ ሳይተን ተከትሎ የሚጠርግ። አንድ ጊዜ ለሠርግ የምትደርስ መርሴዲስ ኮፈን ላይ ቀለሙ ልክ ሲያርፍ በሽምብራ ሽምብራ እያከለ ወደ ኋላ ሸሸ፤ ሥሩ ታየ። ሁለት ጊዜ ፍቄ ደገምኩት። ምክንያቱ በስተመጨረሻ ተገኘ፤ በዚያው ጨርቅ ጠዋት የሌላ መኪና ጎማ በሲሊኮን ማብሪያ ተወልውሎ ነበር። የፀጉር ቅባትም፣ ቫዝሊንም እንዲሁ ያደርጋል።

ወሩን ጥቅምት ወይም ኅዳር አድርገው፤ ከጠዋቱ 4 ሰዓት፣ ጤዛው ከለቀቀ በኋላ፣ ነፋስ ሳይነሣ። በክረምት ናይትሮ ይነጣል፦ ቲነሩ ሲተን ላሜራው ይቀዘቅዛል፣ የአየሩ እርጥበት እላዩ ላይ ያርፋል፣ ነጭ ጉም መሳይ ነገር ይለብሳል። የኮምፕሬሰሩን ውኃ በየጥቂቱ ከታች አፍስስ፤ ቱቦው ላይ ውኃ መያዣ ይኑር። መሬቱን ውኃ እርጭበት፣ አቧራ እንዳይነሣ። ስፕሬይ ጋኑን ከላሜራው አንድ ስንዝር ያህል አርቀህ፣ ክንድህን እንጂ አንጓህን ሳታጥፍ፣ እያንዳንዱን መስመር በቀደመው ግማሽ ላይ እያሳረፍክ ሂድ። በስሱ አራት አምስት ጊዜ ደራርብ፤ በየመሀሉ 15 ደቂቃ ያህል ይቆይ። መጀመሪያ የኋላ ፓራፋንጎ ላይ ተለማመድ፤ ኮፈኑን መጨረሻ አድርገው።

ስለ ቀለሙ አልጠየቅከኝም፤ ግን ልንገርህ። እ.ኤ.አ. በ1966 ቮልስዋገን ሁለት ሰማያዊ ነበረው፤ ጠቆር ያለው የባሕር ሰማያዊ፣ ኮዱ ኤል 360፣ እና ፈካ ያለው ባሃማ ሰማያዊ፣ ኮዱ ኤል 519። የክሩስኮቱን የዕቃ ሳጥን ክዳን ፍታና ውስጡን እየው፤ ፀሐይ ያላየው የአባትህ ቀለም እዚያ አለ። ክዳኑን ይዘህ ቀለም የሚቀምሙት ዘንድ ሂድ፤ የሚያስፈልግህን 4 ሊትር ያህል በአንድ ጊዜ አስቀምም፤ ሁለተኛ ጊዜ የተቀመመ ትንሽም ቢሆን ይለያል። ሊብሬው ላይ የተጻፈው ቀለም ነጭ ከሆነ ከመቀባትህ በፊት ትራንስፖርት ቢሮ ሄደህ ጠይቅ። ፓራፋንጎዎቹን ስትመልስ በእነሱና በቦዲው መካከል የሚገባውን ገመድ መሳይ ፕላስቲክ አዲስ ግዛ፤ ሶማሌ ተራ ጠይቅ። ቀለም የነካው ያ ገመድ መኪናዋ ሳትፈታ እንደተቀባች ለሚያውቅ ሰው ከሩቅ ይናገራል።

ጥያቄ፦ ከጅማ ነው። አሮጌ ላንድሮቨር አለኝ። ሁለት ጊዜ አንቲረስት ቀብቼ ቀለም አስረጨሁ፤ ዓመት ሳይሞላ እንደ ሽንኩርት ልጣጭ ይነሣል። ምን በደልኩ?

መልስ፦ ምንም አልበደልክም፤ ላሜራው ብረት ስላልሆነ ነው። ላንድሮቨር እ.ኤ.አ. በ1948 ሲወጣ እንግሊዝ ከጦርነቱ በኋላ ብረት በኮታ ስለነበር አካሉን ከአሉሚኒየም ሠሩት። ማግኔት አስጠጋበት፤ አይዝም። ሻሲውና ከሞተሩ ጀርባ ያለው ግድግዳ ግን ብረት ነው። ለብረት የተሠራ አንቲረስት አሉሚኒየም ላይ አይጸናም። ሁሉንም አስለቅቅ፤ በዕቃ ማጠቢያው አረንጓዴ ሻካራ ፍተገው፤ በብረት ብሩሽ አትንካው፣ የብረቱ ብናኝ ተሰክቶ ይቀርና ቦታውን ይበላዋል። በዚያው ቀን ለአሉሚኒየም የሚሆን ኤች ፕራይመር አስረጭበት። ብረትና አሉሚኒየም በሚነካኩበት ብሎን ዙሪያ ነጭ ዱቄት ካየህ ፈትተህ አጽዳ፤ ሁለቱም ቀለም ከለበሱ በኋላ በመሀላቸው ጎማ ወይም ማሸጊያ አድርግ።

ጥያቄ፦ ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ። ባለቤቴ የድሮ መርሴዲሳችንን በዚህ የብርድ ወራት ከቤቱ ጋር በተያያዘው ጋራዥ ውስጥ ሊቀባ ይፈልጋል። ሊከለከል ይገባል?

መልስ፦ አዎ እኅቴ፣ መርጨቱን ከልክይው። እዚያ አገር ብዙ ቤት የውኃ ማሞቂያው ጋራዥ ውስጥ ነው፤ የጋዝ ከሆነ ውስጡ እሳት አለ፤ የቲነር ትነት ያንን ያገኛል። ሽታውም በበሩ አልፎ መኝታ ቤት ይገባል። በብርዱም ቀለሙ በወጉ አይደርቅም። መፍታቱን፣ ስቱኮውንና ማሸቱን ግን በሩን ገርበብ አድርጎ፣ ጭምብል አጥልቆ በብርዱ ወራት ይሥራ። በግንቦት የቀለም ክፍል በቀን የሚያከራይ ይፈልግ፤ መኪናዋ እስከዚያው ፕራይመር ብቻ ለብሳ ውጭ እንዳታድር፤ ተራ ፕራይመር እርጥበት ያሳልፋልና ሥሩ ይዝጋል።