መጋቢት ላይ የሚደርቅ የኒም ችግኝ

ጥያቄ፦ ቤቴ ከቆቦ ከተማ ወጣ ብሎ ነው። ግቢው በበጋ እሳት ነው፤ ከሰዓት በኋላ ደጅ መቀመጥ አይታሰብም። ዓመቱን ሙሉ ቅጠሉ የማይረግፍ፣ ውሃ ብዙ የማይፈልግ የጥላ ዛፍ ብዬ አምና ሁለት የኒም ችግኝ ተከልሁ። ክረምቱን ደህና ከርመው መጋቢት ላይ ደረቁብኝ፤ በየማታው አንድ አንድ ጆግ ውሃ ሳላቋርጥ አጠጣቸው ነበር። ዘንድሮ ቁንዶ በርበሬ ብተክል ይሻለኛል?

መልስ፦ ጋሼ፣ ኒሙን አይተዉት። ለእናንተ አገር ሙቀት ከእሱ የተሻለ የጥላ ዛፍ እኔ አልመርጥም። ድርቅ የሚችለው ግን ሥሩን ወደ ታች ከሰደደ በኋላ ነው፤ ችግኝ ሳለ እንደማንኛውም ችግኝ ይጠማል። በየማታው የሚፈሰው ጆግ የላይኛውን አፈር ብቻ ያርሳል። ሥሩም ውሃ ያገኘው እዚያው ላይ ስለሆነ ወደ ታች አይወርድም፤ የመጋቢት ፀሐይ ያን አፈር ሲያደርቀው ችግኙም አብሮ ያልቃል።

ስለዚህ መለወጥ ያለበት አጠጣጡ ነው። ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ይውሰዱና ከታች ጥጉ ላይ በጋለ ምስማር አንድ ትንሽ ቀዳዳ ይብሱት። ውሃ ሞልተው ከግንዱ ሁለት ስንዝር ያህል ራቅ አድርገው ማታ ያስቀምጡት። ክዳኑን ላላ ያድርጉት፤ ጠብቆ ከተዘጋ አየር ስለማይገባ ውሃው መንጠባጠቡን ያቆማል። በማግሥቱ ቀጭን ብረት አፈሩ ላይ ሰክተው ይሞክሩ፤ ክንድ ያህል ያለ ትግል ከገባ ጠግቧል። በመጀመሪያው በጋ በሳምንት አንድ ጀሪካን፣ በሁለተኛው በየ15 ቀኑ ያጠጡት። ከዚያ በኋላ በጣም ከባድ በጋ ካልመጣ ራሱን ይችላል። አፈሩ አሸዋማ ከሆነ ግን ውሃውን ቶሎ ስለሚያሾልከው ቀኑን ያቀራርቡት።

ችግኝ ጣቢያ ሲሄዱ ቁመቱ አያጓጓዎት። ላስቲኩ ውስጥ ብዙ የቆየ ረጅም ችግኝ ሥሩ ታች ላይ ይጠመዘዛል፤ ጉልበት የማይደርሰው ይሻላል። ሌላው፣ ኒም ነው ተብሎ ሚሊያ የሚባለው ኒም መሳይ ዛፍ እንዳይሰጥዎ። ቅጠሉን ይዩት፦ የኒም ትናንሽ ቅጠሎች በአንድ ዘንግ ግራና ቀኝ ተደርድረው፣ ጠርዛቸው እንደ መጋዝ ሆኖ እንደ ማጭድ ጎበጥ ያሉ ናቸው። የሚሊያው ዘንግ ግን እንደገና ቅርንጫፍ ያወጣል። ሚሊያ ደግሞ ጥላ በሚፈልጉበት በጋ ቅጠሉን ያረግፋል፤ ፍሬውም ለልጅም ለከብትም መርዝ ነው።

ጉድጓዱን ግማሽ ሜትር በግማሽ ሜትር፣ ጥልቀቱንም ያንኑ ያህል አድርገው ክረምቱ ሳይገባ ይቆፍሩ። ሐምሌ ላይ አፈሩ በደንብ ሲርስ ላስቲኩን ቀድደው አውጥተው ይትከሉ። ቦታው ከቤቱ በስተምዕራብ፣ ከግድግዳው 5 ሜትር ያህል ርቆ ቢሆን የከሰዓት በኋላዋን ፀሐይ ይከልልዎታል። ውሃ የሚተኛበት ዋልካ ከሆነ ግን ሌላ ጥግ ይፈልጉ፤ ኒም ጥማት እንጂ ውሃ መተኛት አይችልም። ዙሪያውን የማሽላ አገዳ ይጎዝጉዙለት፣ ግን ምስጥ እንዳይጠጋው ከግንዱ አንድ ስንዝር ያርቁት።

ቁንዶ በርበሬም ክፉ ዛፍ አይደለም። ኒም ብርድ ስለማይወድ እንደ ኮምቦልቻ ላለ ወይና ደጋ ብጠየቅ ቁንዶ በርበሬን እመክር ነበር። ሥሩ ግን ለግድግዳና ለቧንቧ አስቸጋሪ ነው፣ ከጥላው በታችም አትክልት አይሆንልዎትም። ወይራ ካማረዎት ከኒሙ ጎን አንድ ይትከሉ፤ ማደጉ ዘገምተኛ ነው፣ ለዕቃ ማጠኛ ግን ቤተሰቡ ይመርቅዎታል።

ፍየል ካለ በግራር እሾህ ይጠሩት። ሐምሌ ካመለጠዎት ደግሞ በበልግ እተክላለሁ አይበሉ፤ የቆቦ በልግ አያስተማምንም፣ ለከርሞ ሐምሌ ያቆዩት።